በቅሎ ለምን አትወልድም? ጤፍስ እንዴት ዘር ሰጠ?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር «ሚዮሲስ» የሚለውን ቃል በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ተማሪው የሚያዘጋጀው እስክሪብቶውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። የሚጠበቅበት አስቀድሞ ይታወቃልና። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ እያለ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይሸመድዳል፤ በፈተና ወረቀት ላይ ያራግፈዋል፤ ከዚያም ይረሳዋል። በዚህ ዓይነት በአገራችን በየዓመቱ እጅግ ብዙ ወጣቶች ሚዮሲስን ተምረው ይወጣሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ነገ አባት ሆኖ ያልጠበቀው ዓይነት ሕፃን ቢወለድለት ግን ያ የሸመደደው ትምህርት ስለዚያው ሕፃን የሚናገር መሆኑ ትዝ አይለውም። ትዝ የሚለው ጎረቤቱ የሚያንሾካሹከው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሚዮሲስ ከፈተና ርእስነቱ በፊት የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑንና እንደዚያው ሆኖ መሰጠት የሚገባው መሆኑን ለማሳየት ነው።

ነገሩን ከይጁቤ እንጀምር። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብልበት አቅጣጫ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከእናርያ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ፣ የሚያሳዝን ቢሆንም ባሮችንም እየነዳ፣ በጉድሩ በአሰንዳቦ በኩል አልፎ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ የሚያርፈው በዚያ ነበር፤ ከዚያም ጉዞው ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ያ ሁሉ ሸክም የተጓጓዘው በእንስሳት ጀርባ ነው። ዛሬም ቢሆን በገበያ ቀን አህያ የማይታይበት የጎጃም መንገድ የለም፤ በቅሎም እንደ ድሮው የመኳንንት መቀመጫ ባትሆንም ገደል ለገደል የሚጓዝ ሰው አይጠላትም። በመሆኑም በዚያ አካባቢ ያደገ ልጅ ከማንኛውም የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ቀድሞ የሚያውቀው አንድ ሐቅ አለ፤ በቅሎ አትወልድም።

«በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» የሚለው ተረት የተተረተው በትውልዱ ለሚያፍር ሰው ነው እንጂ ስለ ክሮሞዞም አይደለም። ይሁን እንጂ የአባትና የእናት ነገር በበቅሎ ላይ በእርግጥም ክርክር ያስነሣል። የፈረስ የአካል ሕዋስ 64 ክሮሞዞሞች አሉት፤ የአህያ ደግሞ 62። ባዝራይቱ በእንቁላሏ 32፣ የአህያው ድንጉላ በዘሩ 31 ሲሰጡ በቅሎይቱ 63 ይዛ ትወለዳለች። ቁጥሩ ጎደሎ ነው። ጎደሎ በመሆኑ ግን በቅሎይቱ አልታመመችም፤ እንዲያውም በጽናት ከፈረስም ከአህያም ትበልጣለች ብሎ የሚምል ነጋዴ ብዙ ነው። እንግዲህ 63 ክሮሞዞም ለመኖር፣ ለማደግ፣ ሸክም ለመሸከም የሚበቃ ከሆነ ለመውለድ ለምን አልበቃም? ይህን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ተማሪ ሚዮሲስን አውቋል ማለት ይቻላል።

የጎጃም ገበሬ መቀናጆን ያውቃል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። ልጅ ማለትም በክሮሞዞም ቋንቋ የመቀናጆ ውል ነው። አባት 23 በሬ፣ እናት 23 በሬ ያመጣሉ፤ በእያንዳንዷ የአካል ሕዋስ ውስጥም 23 ጥማድ ይገኛል። አካል በሚያድግበት ጊዜ፣ ማለትም ቆዳ ሲተካ፣ አጥንት ሲረዝም፣ ደም ሲታደስ፣ እነዚህ በሬዎች መጠመድ አያስፈልጋቸውም። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ራሱን ይቀዳል፤ ቅጂዎቹም ለሁለቱ አዳዲስ ሕዋሳት አንድ አንድ ይደርሳሉ። ይህ ሚቶሲስ ነው። ጓደኛ ያለውም የሌለውም ክሮሞዞም በእኩል ስለሚስተናገድ በቅሎ ያለ ችግር ታድጋለች።

የዘር ሕዋስ ሊሠራ ሲል ግን የመቀናጆው ውል ይፈርሳል። ከ46ቱ 23ቱ ብቻ ተመርጠው መውጣት አለባቸው፤ ያም እንደ ደረሰ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ጥማድ አንድ አንድ በሬ እየተወሰደ ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ጥንዶቹ መተዋወቅ ይኖርባቸዋል። በመሆኑም ክሮሞዞሞቹ ራሳቸውን ከቀዱ በኋላ ከአባት የመጣው ከእናት የመጣውን ተጓዳኙን ፈልጎ ከጎኑ ይተኛል፤ ይጠመዳሉ። ቀጥሎ ከሕዋሱ ሁለት ዋልታዎች ስስ ክሮች ይዘረጉና አንዱን በሬ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ይስባሉ። ስበቱ ከሁለቱም ወገን ሲመጣጠን ሕዋሱ «ጥማዱ ተሟልቷል» ብሎ ይለቃቸዋል። በሁለተኛው ክፍፍል ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው ይለያዩና ነገሩ ይፈጸማል። በበቅሎ ሕዋስ ውስጥ ግን 31 የአህያ በሬዎች ከ32 የፈረስ በሬዎች ጋር ሊጠመዱ ይቀርባሉ። አንዱ ያለ ጓደኛ ከመቅረቱም በላይ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ልዩነት ውስጥ አሠላለፋቸው የተቀያየረ ስለሆነ የቀሩትም ቀንበሩ አይገጥማቸውም። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ የአሠላለፉ ጥፋት ይብሳል። ያም ሆነ ይህ ማሽኑ በዚያው ይቆማል፤ ወንዴ በቅሎ ፍሬያማ ዘር አያመርትም፤ እንስቲቱም ወለደች የተባለበት ጊዜ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነው።

የመቀናጆው ምሳሌ እዚህ ድረስ ያገለግለናል፤ ከዚህ በኋላ ግን ይሰበራል። በሬዎች ተጠምደው ሳለ ቀንድና እግር አይለዋወጡም፤ ክሮሞዞሞች ግን ይለዋወጣሉ። ጎን ለጎን በተኙበት ሰዓት የአባቱ ክሮሞዞም በአንድ ቦታ ይቆረጣል፤ የእናቱም በዚያው ትይዩ ይቆረጣል፤ ቁራጮቹም ተቀያይረው ይቀጠላሉ። ክሮሲንግ ኦቨር የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ልጅ ከአባቱ የሚቀበለው ክሮሞዞም የአያቱ ወይም የአያቲቱ ክሮሞዞም ሳይሆን ከሁለቱ የተጣጣፈ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ፣ ከዚያም በኋላ የማይደገም ጨርቅ ነው። በዚህ ላይ 23ቱ ጥንዶች ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲለያዩ አንዱ ጥንድ ሌላውን አይጠብቅም፤ የአባቱ ወደዚህ፣ የእናቱ ወደዚያ የሚለው በየጥንዱ በዕጣ ነው። በዚህ ብቻ አንድ ሰው ሊያስገኛቸው የሚችላቸው የዘር ሕዋስ ዓይነቶች 8,388,608 ይሆናሉ። ይህን በትዳር ጓደኛው ቁጥር ስናባዛው ከ70 ትሪሊዮን ያልፋል። መቆራረጡንና መቀጣጠሉን ገና አልቆጠርንም። ከአንድ እናትና አባት ተወልደው አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ የሆኑ ወንድማማቾችን እያየን «ይህስ በማን ወጣ?» ብለን የምንጠይቀው ጥያቄ መልሱ በዚህ ዕጣ ውስጥ ነው። ጥያቄው በየቤቱ ሳቅ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ጥርጣሬና ጠብ ስለሚያመጣ ነገሩን ማወቅ ለቤተ ሰብ ሰላም ይጠቅማል የምንለው ለቀልድ አይደለም።

አሁን ከበቅሎ ወደ እንጀራ እንሻገር። ጤፍ 40 ክሮሞዞሞች አሉት። እነዚህ 40 ግን የአንድ ዘር ቤት አይደሉም፤ 20ው ከአንድ፣ 20ው ከሌላ ጥንታዊ የሣር ዝርያ የወረሳቸው ናቸው። የጤፍ የዘር ካርታ በመጀመሪያ በረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ኋላም በተሟላ መልክ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም ይህ ሁለት ቤትነቱ ግልጥ ሆኖ ታይቷል። በሌላ አነጋገር ጤፍ እንደ በቅሎ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው። እንግዲያው እንደ በቅሎ መካን መሆን ነበረበት። ያዳነው ምንድን ነው? የሥነ ተክል ሊቃውንት ለእንዲህ ዓይነቶቹ ተክሎች የሚሰጡት መልስ ትምህርት የሚሆን ነው፤ ያዳነው ስሕተት ነው። ክሮሞዞሞቹን ለሁለት መክፈል የነበረበት ሕዋስ ሳይከፍል ቀረ። ሳይከፍል በመቅረቱ እያንዳንዱ ክሮሞዞም እጥፍ ሆነ፤ እጥፍ በመሆኑም ጓደኛ የሌለው ሁሉ የራሱ ቅጂ ጓደኛ ሆነለት። ቀንበሩ ገጠመ። ከአሥርቱ ጥንድ ጋር አሥርቱ ጥንድ ሳይደባለቁ፣ እያንዳንዱ ከየቤቱ ጋር እየተጠመደ፣ ሚዮሲሱ ያለ እንቅፋት ይከናወን ጀመር። ስንዴም በዚሁ መንገድ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ አልፎ 42 ክሮሞዞም ያለው የዳቦ ስንዴ ሆኗል። ሙዝ በተቃራኒው ሦስት ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 33 ክሮሞዞም ይዞ ቀረ፤ ሦስት በሬ በአንድ ቀንበር ስለማይጠመድ ዘር መስጠት አቃተው። ከገበያ የምንገዛው ሙዝ ፍሬ የሌለበት ስለዚህ ነው፤ ገበሬውም የሚያራባው በግንዱ ሥር በሚወጣው ቡቃያ ነው።

የጤፍ ነገር በዚህ አያበቃም። ጤፍ ዘሩን ከራሱ አበባ ይዳቅላል። አበባው እጅግ ትንሽ ከመሆኑም በላይ ከመከፈቱ ራሱን ያዳቅላልና የውጭ ዘር የሚገባበት በር ጠባብ ነው። በዚህም ምክንያት ከአባትና ከእናት የሚመጡት ተጓዳኝ ክሮሞዞሞች ከብዙ ትውልድ በኋላ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ሚዮሲስ እንደ ወትሮው ይካሄዳል፤ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ ዕጣም ይጣላል። የሚለዋወጡት ነገሮች መንታ ስለሆኑ ግን ምንም አዲስ ነገር አይወጣም። አንድ ዓይነት ካርታ ሺህ ጊዜ ቢበወዝ ያው ነው። የጤፍ ማሻሻያ ሥራ ለረጅም ጊዜ ካለው ዝርያ ከመምረጥ ያላለፈው በዚህ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ የሚከፈትበትን ሰዓት ለይተው በእጅ ማዳቀል እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ምርቱ ብዙ የሆነው ዲዜድ-01-974 ነጭነቱ ከተመሰከረለት ከማኛው ዲዜድ-01-196 ጋር ተዳቀለ፤ በልጆቻቸው ውስጥ ሚዮሲስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበውዘው ነገር አገኘ፤ ከብዙ ትውልድ ምርጫ በኋላም ምርቱን ከአንደኛው፣ ነጭነቱን ከሁለተኛው የወሰደው ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬ ተለቀቀ። ቁንጮ በምሥራቅ ጎጃም ማሳዎች ምን ያህል እንደ ተወደደ ለአካባቢው አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። በዚያው ማሳ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ሚዮሲስ ሲሰጥ ምሳሌው የባዕድ አገር አተር ሆኖ ይቀራል። ሜንዴልን አንነቅፍም፤ የአተር ማሳውም ይከበርለት። ነገር ግን ተማሪው ጧት የበላው እንጀራ ከአተሩ የተሻለ ይናገራል።

እስከዚህ ያልነው ሁሉ ወደ ሰው ልጅ ለመድረስ ነው። የክሮሞዞም ስሕተት ጤፍን ሲሰጠን በረከት ሆነ፤ ሙዝን ፍሬ ሲነሣው ለበላተኛው ተመቸ፤ ያው ስሕተት በሰው ላይ ሲደርስ ግን ስሙ እርግማን ይሆናል።

የሰው ክሮሞዞም ብዛት 46 መሆኑ በትክክል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ከዚያ በፊት ለ30 ዓመታት ያህል 48 ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ በፓሪስ ማርት ጎቲየ፣ ዤሮም ለዠንና ሬሞን ቱርፓን ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሕፃናት 47 ክሮሞዞም እንዳላቸው አሳወቁ። የተጨመረው ከክሮሞዞሞች ሁሉ ትንሹ የሆነው 21ኛው ነው። ሦስት 21ኛ ክሮሞዞም ማለት ነውና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስበው የዳውን ሲንድሮም ቀን ማርች 21 ላይ፣ ማለትም በ3ኛው ወር 21ኛ ቀን እንዲውል ተደርጓል። አሮጌ መጻሕፍት «ሞንጎሊዝም» እያሉ የሚጠሩበትን ስም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 የተወው በሞንጎሊያ ጥያቄ ነው፤ ቃሉ ሕፃኑንም ሕዝቡንም የሚሰድብ በመሆኑ በእኛም መማሪያ ክፍሎች ባይሰማ እንወዳለን።

ትርፉ ክሮሞዞም ከየት መጣ? አስቀድመን የጠቀስነውን መቆራረጥና መቀጣጠል እናስታውስ። ቁራጮቹ የተለዋወጡበት ቦታ ልዩነትን ከመፍጠሩም ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ተጓዳኞቹን አንድ ላይ አሥሮ የሚያቆይ ቋጠሮ ነው። ቀንበሩ ራሱ ይህ ቋጠሮ ነው ማለት ይቻላል። ቋጠሮ ያልታሰረበት ወይም ጊዜው ሳይደርስ የተፈታበት ጥንድ ስበቱን መለካት ስለማይችል ሁለቱም በሬዎች ወደ አንድ ወገን ሊሄዱ ይችላሉ። ያኔ አንዱ የዘር ሕዋስ ትርፍ፣ ሌላው ጎደሎ ይዞ ይወጣል። እንግዲህ እያንዳንዳችንን ከወንድሞቻችን የለየን ሥራና ይህንን ሕፃን ከእኛ የለየው ስሕተት የአንድ መሣሪያ ሁለት ገጽ ናቸው። ቋጠሮው ባይኖር ልዩነት አይኖርም፤ ቋጠሮ ካለ ደግሞ አንዳንዱ ይላላል።

በሴቶች ዘንድ ይህ ቋጠሮ የሚጠብቀው ጊዜ ያስደንቃል። የወንድ ዘር ከጉርምስና ጀምሮ ዘወትር አዲስ ይሠራል። የሴት እንቁላል ግን ሚዮሲሱን የሚጀምረው ሴቲቱ ገና ፅንስ ሳለች ነው፤ ክሮሞዞሞቹ ይጠመዳሉ፣ ይቋጠራሉ፣ ከዚያ በዚያው እንዳሉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የሚቀጥሉት እንቁላሉ በሚወጣበት ወር ነው። ዛሬ በ40 ዓመቷ የምትፀንስ እናት እንቁላሏ ውስጥ ያሉት ጥማዶች የተጠመዱት እናቷ እርሷን አርግዛ ገበያ ስትመላለስ በነበረ ጊዜ ነው። ክሮሞዞሞቹን አጣብቀው የሚይዙት ፕሮቲኖች በነዚያ ዓመታት ሁሉ ያረጃሉ። ስለዚህ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን የመወለድ ዕድል እናቲቱ 30 ዓመት ሲሆናት ከ1,000 ገደማ አንድ፣ በ35 ዓመቷ ከ350 እስከ 400 ከሚሆኑት አንድ፣ በ40 ዓመቷ ከ100 ገደማ አንድ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው «እንግዲያው ጥፋቱ የእናት ነው» ይላል። አይደለም። በመጀመሪያ ነገር ቋጠሮው በመላላቱ የሚጠየቅ የለም፤ የበላችው፣ የሠራችው፣ ያየችው፣ የረገጠችው ነገር አላላላውም። በሁለተኛ ደረጃ ወጣት እናቶች ብዙ ስለሚወልዱ በቁጥር ሲታይ አብዛኞቹ እነዚህ ሕፃናት የሚወለዱት ከወጣት እናቶች ነው። በሦስተኛ ደረጃ የአባትም ዘር ይስታል። አንድ ኤክስ ክሮሞዞም ብቻ ይዘው የሚወለዱት፣ በቁመታቸው አጭር የሆኑትና የወር አበባ የማይመጣላቸው ሴቶች በአብዛኛው የጎደላቸው ከአባት መምጣት የነበረበት ክሮሞዞም ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንፈልጋለን። በገጠራችንም በከተማችንም ልጅ አልወለደችም ተብላ የምትፈታው ሴቲቱ ናት። ባልየው ይመርመር የሚል ሽማግሌ ስንት ነው? ከ600 እስከ 700 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ይዞ ይወለዳል። ብዙውን ጊዜ ረጅምና ጤነኛ ይሆናል፤ ያገባል፤ ዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይኖረውም፤ ይህንንም ሳያውቅ ሦስት ሚስት ሊፈታ ይችላል። ፅንስ እየተጨናገፈባት «ሾተላይ አለባት» የምትባለውም ሴት እንዲሁ ናት። ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማትን ነውና እርሱ መርፌ አለው፤ በጊዜው ከተሰጠ ይከላከለዋል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨናገፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ጉድለት ያለባቸው ናቸው። ደጋግሞ ለሚጨናገፍባቸው ጥንዶች ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ሁለት ክሮሞዞሞቹ ተጣብቀው 45 ብቻ ይዞ የሚኖር ጤነኛ ሰው መሆኑ ነው። እንደ በቅሎዋ ለመኖር አልቸገረውም፤ ሲጠመድ ነው የሚቸገረው። ያ ሰው ባልየው ወይም ሚስቲቱ ሊሆን ይችላል። ይህን በመልክ ለይቶ የሚያውቅ ሽማግሌም አማትም የለም።

ዘመድ ቆጠራም እዚህ ላይ ይነሣል። አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ጋብቻ አይፈጽሙም። በሚዮሲስ ሂሳብ ሲታይ የውርስ ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከሰባት ቤት በላይ ካለ አንድ ቅድመ አያት የሚደርሰን በአማካይ ከ128 አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ተሸሽገው የሚወረሱ የዘር በሽታዎችን በመከላከል ረገድ ብልህነት አለበት፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን ሲወለድ «በደንብ ሳይቆጥሩ ተጋብተው ነው» የሚሉ እንዳሉ ሰምተናል። ይህ ስሕተት ነው። የቋጠሮ መላላት ዘመድና ባዳ አይለይም።

ከዚህ በኋላ የምንለው የእኛ አስተያየት ነው፤ የሚቃወመን እንደሚኖርም እናውቃለን። በዓለም ላይ ከ700 እስከ 1,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ባሶ ሊበንን ከዚህ የሚያስቀር ተራራ የለም። ነገር ግን ልጆቹ በገበያም፣ በትምህርት ቤትም፣ በክርስትናና በሠርግ ቤትም እምብዛም አይታዩም። አንዳንዶቹ ሳይታወቅ በሕፃንነታቸው ይሞታሉ፤ ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ጉድለት ስላለባቸው «ሳንባ ነው» እየተባለ ያልፋሉ። የቀሩት በጓዳ ይደበቃሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 የእነዚህ ሰዎች መካከለኛ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ደርሷል። በዚያ ዘመን ውስጥ ክሮሞዞማቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ከተዘጋ ተቋም ወጥተው በቤተ ሰብ መካከል ማደጋቸውና ልባቸው መታከሙ ነው።

«አገሪቱ በወባና በምግብ እጥረት ተይዛ ሳለ ስለ ክሮሞዞም መነጋገር ቅንጦት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እውነት ነው፤ የክሮሞዞም ምርመራ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ለይጁቤ እናት ይቅርና ለደብረ ማርቆሷም ሩቅ ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ምርመራውን አይደለም። አራስ ቤት የምትገባ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሕፃኑ አካል ከልክ በላይ መላላቱን፣ የዐይኑን ቅርጽ፣ በመዳፉ ላይ አንድ ወጥ መሥመር መኖሩን አይታ ልቡ እንዲደመጥ ወደ ጤና ጣቢያ ብትልከው ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። ቤተ ሰቡ ወደ ጠበል ቢወስደው አንቃወምም፤ የልብ ምርመራውን አያስቀርበት እንጂ። ያችው ባለሙያ ለአባትየው «በሚስትህም በአንተም ጥፋት የመጣ አይደለም» ብትለው ደግሞ ይህ በገንዘብ የማይተመን ሕክምና ነው፤ ትዳር ያድናል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በስምምነቱ መሠረት ልጁ የመማር መብት አለው። ቀስ ብሎ ይማራል፤ ይማራል ግን።

የእኛ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ድርሻ ከዚህ ያነሰ አይደለም። ክሮሞዞም በዘር ውርስ ውስጥ ያለውን ቦታ ካሳዩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ የነበረው ዋልተር ሳተን እ.ኤ.አ. በ1902 ይህን ያየው በፌንጣ ነው። ክረምት ሲወጣ በደጋው መስክ ላይ ፌንጣ ሞልቷል። የወንዴውን ፌንጣ የዘር ፍሬ አውጥቶ፣ በአሴቶካርሚን ነክሮ፣ በመስታወት መካከል በአውራ ጣት ተጭኖ በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ካርሚን፣ በነገራችን ላይ፣ በትግራይ የበለስን ተክል ካወደመው ከኮቺኒል ነፍሳት ጭማቂ የሚወጣ ቀለም ነው፤ ያ ተባይ አንድ ጥሩ ነገር ቢሠራ ይኸው ነው። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ጠርሙስ ቀለምና ጥቂት መስታወት በሻንጣ ይዞ ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ መውረድ ከባድ ጉዞ አይደለም። የአሥረኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥማዶቹን በዐይናቸው ያያሉ፤ ቋጠሮዎቹንም ይቆጥራሉ። ከዚያ መምህሩ ስለ በቅሎ ይጠይቃቸው፤ ቀጥሎ ስለ ጤፍ፤ በመጨረሻም በሰፈራቸው ከቤት ስለማይወጣው ልጅ። በመስከረም ቢጀመር ፌንጣው ሳያልቅ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶችን ማዳረስ ይቻላል።